ከትርፍ ጊዜ ወደ ትርፍ

«ትርፍ» የሚለው ቃላችን ሁለት ቦታ ይሠራል። «የትርፍ ጊዜ» ስንል ከዋናው ሥራ የተረፈውን ሰዓት ማለታችን ነው። «ትርፍ» ብቻውን ሲቆም ደግሞ ከወጪ በላይ የገባ ገንዘብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አጭር ስለሚመስል፣ እጁ ላይ ሙያ ያለው ሰው ስናይ «ለምን ቢዝነስ አታደርገውም?» ለማለት አንዘገይም። ቀን ቀን ሶፍትዌር እየጻፍኩ ማታ ማታ ለወዳጅ ዘመድ የሠርግ መጥሪያ ንድፍ ስለምሠራ፣ ጥያቄውን እኔም ለምጄዋለሁ። ከ160 ዓመት በፊት ግን ለንደን ውስጥ ሰባት ጓደኛሞች ይህንኑ ጥያቄ ለራሳቸው ጠይቀው ድርጅት ከፈቱ። ደብዳቤዎቻቸው፣ ጠባቸውና ንድፎቻቸው እስከ ዛሬ ስላሉ፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚረዝም ቁጭ ብሎ መከተል ይቻላል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ መሃል ላይ ያለው ሰው ዊልያም ሞሪስ ነው። በ1834 ከለንደን አጠገብ ዋልተምስቶ በሚባል ቦታ ተወለደ። አባቱ በለንደን የገንዘብ ገበያ የሚሠራ ደላላ ሲሆን፣ በዴቨን ግዛት ከተገኘ የመዳብ ማዕድን ብዙ አክሲዮን ይዞ ነበር። ልጁ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው ከዚያ አክሲዮን በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይገባለት ጀመር። ይህን መጀመሪያ ላይ መናገር ያስፈልጋል። ስለ «ራሳቸውን ስለፈጠሩ» ባለሙያዎች በሚተርኩ ጽሑፎች ውስጥ የመነሻው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ተደብቆ ስለሚቀር ነው። ሞሪስ የትርፍ ጊዜ ሥራው ባይሳካለት እንኳ ጦም አያድርም ነበር።

ኦክስፎርድ ሲገባ ሐሳቡ ቄስ መሆን ነበር። እዚያ ኤድዋርድ በርን ጆንስ ከሚባል፣ እሱም ቄስ ሊሆን ከመጣ ወጣት ጋር ተገናኘ። ሁለቱም ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ አንዱ ሠዓሊ፣ አንዱ አርክቴክት ሊሆን ወሰነ። ሞሪስ አንድ አርክቴክት ቢሮ ለተማሪነት ገብቶ ዓመት ሳይሞላው ወጣ። ከዚያ ቆይታ የተረፈው ትልቁ ነገር ፊሊፕ ዌብ የሚባል ጓደኛ ነው። ቀጥሎ ሥዕል ሞከረ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የማንኛውም ገና ያልተረጋጋ ወጣት ታሪክ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከቤት ዕቃ ነው። ሞሪስና በርን ጆንስ ለንደን ሬድ ላየን ስኩዌር ላይ ክፍል ሲከራዩ በሱቆቹ ያለው ወንበርና ጠረጴዛ አላስደሰታቸውም። ወቅቱ ፋብሪካዎች ጌጥ የበዛበት ዕቃ በገፍ የሚያመርቱበት ነበር። ስለዚህ ሞሪስ እንደ መካከለኛው ዘመን ዕቃ ከባድና ግዙፍ የሆኑ ወንበሮችን ራሱ ነድፎ በአካባቢው አናጢ አሠራ፤ ከዚያም ጓደኛሞቹ ሥዕል ሳሉባቸው። ለመሸጥ አልነበረም፤ የሚፈልጉትን ስላጡ ብቻ ነው።

በ1859 ሞሪስ ጄን በርደንን አገባ። ጓደኛው ዌብ ደግሞ ከለንደን ወጣ ብሎ ቤክስሊሂዝ ላይ በቀይ ጡብ ቤት ነደፈላቸው፤ እስከ ዛሬ «ቀዩ ቤት» ይባላል። ቤቱ አለቀ እንጂ ውስጡ ባዶ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ጓደኞቻቸው በባቡር እየመጡ ግድግዳና ጣሪያ ይስሉ ጀመር። ጄን ከአንድ የለንደን ሱቅ ደንገጥ የሚያደርግ ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ገዝታ መጣች፤ ባልና ሚስት አበባ ጠለፉበትና መጋረጃ ሆነ። ጥልፉን የተማሩት የድሮ ሥራዎችን ክር በክር እየፈቱ ነው። በእኛ ሙያ ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ የምንለው ማለት ነው፤ የተሠራውን ፈትቶ አሠራሩን ማወቅ።

ያ ቤት የድርጅቱ የመጀመሪያ ናሙና ሆነ። በሚያዝያ 1861 ሰባቱ ተሰብስበው «ሞሪስ፣ ማርሻል፣ ፎክነርና ኩባንያ» የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ከሞሪስ ሌላ ሠዓሊዎቹ በርን ጆንስ፣ ዳንቴ ጋብሪኤል ሮዜቲና ፎርድ ማዶክስ ብራውን፣ አርክቴክቱ ዌብ፣ ኢንጂነሩ ፒተር ፖል ማርሻልና የኦክስፎርዱ የሒሳብ መምህር ቻርልስ ፎክነር ነበሩ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፓውንድ አዋጡ። የሞሪስ እናት 100 ፓውንድ አበደሩ። በሰባት ፓውንድ መዋጮና በእናት ብድር የተጀመረ ሥራ ነው። ምድጃው ምድር ቤት፣ ቢሮው ፎቅ ላይ ሆኖ የግድግዳ ሥዕል፣ የመስኮት መስታወት፣ ጥልፍ፣ የቤት ዕቃ፣ ሸክላ ጡብ፣ ሁሉንም በትዕዛዝ እንሠራለን አሉ።

የጉልበት ሥራውን ማን ሠራው? በወረቀት ላይ ሰባት ወንዶች ናቸው። በተግባር ግን ጥልፉን ጄንና እህቷ ቤሲ ይሠሩታል፤ የፎክነር እህቶች ኬትና ሉሲ ጡብ ላይ ይስላሉ፤ የበርን ጆንስ ሚስት ጆርጂያናም ታግዛለች። መስታወቱን ለማቃጠል የተቀጠሩት ልጆች ለንደን ውስጥ ከነበረ የችግረኛ ወንዶች ልጆች ማሳደጊያ የመጡ ነበሩ። የትርፍ ጊዜ ሥራ ወደ ድርጅት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ነገር የእነዚህ ሰዎች ስም ነው።

ገበያው ቶሎ መጣ። በ1862 ለንደን ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሥራቸውን አቅርበው ሜዳሊያ አገኙ። መስታወታቸው የድሮ ስለመሰለ፣ ተፎካካሪዎች «ይሄ ጥንታዊ መስታወት ነው፤ ጠግነው ነው ያመጡት» ብለው ከሰሷቸው ይባላል። ጊዜው እንግሊዝ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት በብዛት የሚታነጹበትና የሚታደሱበት ስለነበር፣ የመስኮት መስታወት የድርጅቱ ዋና እንጀራ ሆነ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ የአፈወርቅ ተክሌን መስታወት ያየ ሰው ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ይገባዋል። ሥዕሉ በሙሉ ልኩ ወረቀት ላይ ይሳላል፤ መስታወቱ በቀለም በቀለም ይቆረጣል፤ ይቀባል፤ ይቃጠላል፤ በእርሳስ ይገጣጠማል።

እንግዲህ የትዕዛዝ ሥራ ችግር እዚህ ላይ ይታያል። የእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ልኩ ይለያል። አንዱ ቅዱስ ጳውሎስን፣ ሌላው ቅድስት ካትሪንን ይፈልጋል። ደንበኛው ሐሳቡን ይቀይራል። ለአንድ መስኮት የፈሰሰው ድካም ለሚቀጥለው መስኮት አይጠቅምም። በዚያ ላይ ሞሪስ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፤ ዋጋ ሲያወጣም የራሱን ሰዓት አይቆጥርም። ሶፍትዌር በትዕዛዝ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለአንድ ደንበኛ ብቻ የተጻፈ ኮድ ሁልጊዜ ከተገመተው በላይ ሰዓት ይበላል።

ድርጅቱን ያዳነው ሰው ሠዓሊ አልነበረም። በ1865 ዋሪንግተን ቴይለር የሚባል ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተቀጠረ። ጥሩ ትምህርት ቤት ተምሮ ገንዘቡን ያጣ፣ በአንድ ኦፔራ ቤት ትኬት ሲቀበል የነበረ፣ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ነበር። የሒሳብ መዝገቡን ሥርዓት አስያዘ። ከዚያም ለዌብና ለሌሎቹ ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር፤ ሞሪስ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ እየጀመረ አይጨርስም፣ ወጪው ከገቢው ጋር አይመጣጠንም፣ ለጓደኛ በርካሽ አትሥሩ እያለ። እሱ ባለበት ጊዜ ድርጅቱ በቅዱስ ጄምስ ቤተ መንግሥት ሁለት ክፍሎችን፣ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ደግሞ አረንጓዴውን የምግብ አዳራሽ አስጌጠ። አዳራሹ አሁንም አለ፤ ሻይ ቡና ይጠጣበታል። ቴይለር በ1870 በበሽታው ሞተ። የእሱን ስም የሚያውቁት የታሪክ አጥኚዎች ብቻ ናቸው። እኔ ግን «የፈጠራ ሥራህን ቢዝነስ አድርገው» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። ቴይለሩን ያላገኘ ሞሪስ ስንት ይሆን?

ሁለተኛው መዳኛ መደጋገም ነው። በ1862 ሞሪስ በቀዩ ቤት ግቢ ካለው የጽጌረዳ መደገፊያ ተነሥቶ የመጀመሪያውን የግድግዳ ወረቀት ንድፍ ሠራ፤ ወፎቹን ዌብ ሳለለት። ራሳቸው ለማተም ሞከሩና አድካሚ ሆነ። ስለዚህ ማተሙን ጄፍሪና ኩባንያ ለሚባል የለንደን አታሚ ሰጡት፤ እሱም በእጅ፣ በተቀረጸ እንጨት ያትምላቸው ጀመር። የግድግዳ ወረቀት ንድፍ እንደ ፕሮግራመር ስታየው አንድ ተደጋጋሚ ትዕዛዝ ነው። አንድ ቁራጭ ትሠራለህ፤ የላዩ ጠርዝ ከታችኛው፣ የቀኙ ከግራው ጋር እንዲገጥም ታደርጋለህ፤ ከዚያ ግድግዳው እስኪያልቅ ይደገማል። ጭንቀቱ አንድ ጊዜ ነው፤ ሽያጩ ብዙ ጊዜ። የሞሪስ ችሎታ ዓይን መገጣጠሚያውን እንዳያገኘው ቅጠሉንና ሐረጉን ማጠላለፍ ላይ ነበር።

መስታወቱም ቢሆን ወደዚሁ መጣ። በርን ጆንስ የሳላቸው ቅዱሳን ተቀምጠው ለሌላ ቤተ ክርስቲያን በሌላ ቀለም፣ በሌላ ልክ ተመልሰው ይወጡ ነበር። የግድግዳ ወረቀቱም በተለያየ ቀለም ይታተማል፤ ደንበኛው ከዚህ ወረቀት፣ ከዚያ መጋረጃ፣ ከዚያኛው ምንጣፍ እየመረጠ ክፍሉን «የራሱ» ያደርገዋል። ድርጅቱን ያቆመው ይህ ይመስለኛል። ደንበኛው ልዩ ነገር እንዳሠራ ይሰማዋል፤ ሠሪው ደግሞ ያንኑ ንድፍ እየደጋገመ ይሸጣል። «በትዕዛዝ» የሚባለው ሥራ ሁሉ በሕይወት የሚቆየው ከሥሩ የሚደገም ነገር ሲኖረው ነው።

ይህ ማለት ግን ርካሽ ሆነ ማለት አይደለም። «አካንተስ» የሚባለው የ1875 የግድግዳ ወረቀት 30 የተቀረጹ እንጨቶች ይፈልጋል፤ አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላው አይታተምም። በዚያው ጊዜ ሞሪስ ሊክ በምትባል ከተማ ከቶማስ ዋርድል ጋር ሆኖ ጨርቅ መንከር ሊማር ገባ። የፋብሪካ ቀለሞች ቶሎ ይለቃሉ፣ ያስጠላሉም ብሎ ስላመነ የድሮዎቹን የዕፅዋት ቀለሞች ከድሮ መጻሕፍት እየፈለገ ሞከረ። እጁ እስከ ክንዱ ሰማያዊ ሆኖ ይዞር ነበር። በ1883 የወጣው «እንጆሪ ሌባው» የሚባለው ጨርቅ የዚያ ትምህርት ውጤት ነው። ከበጋ ቤቱ ጓሮ እንጆሪ ይሰርቁ ከነበሩ ወፎች የተወሰደ ንድፍ ነው። ጨርቁ መጀመሪያ በሙሉ በሰማያዊ ይነከራል፤ ንድፉ በሚያርፍበት ቦታ ሰማያዊው እየተነሣ ነጭ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ቀይና ቢጫ ይጨመራል። ቀናት ይፈጃል። ከድርጅቱ ውድ ጨርቆች አንዱ ሆነ፤ ከተወደዱትም አንዱ።

እዚህ ላይ ጓደኝነቱ የት ደረሰ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከማዕድኑ የሚመጣው ገንዘብ እየቀነሰ ሲሄድ ሞሪስ መተዳደሪያው ድርጅቱ ብቻ ሆነ፤ ሥራውንም በአብዛኛው የሚሠራው እሱ ነው። በ1875 ድርጅቱ ፈርሶ «ሞሪስና ኩባንያ» ተብሎ በእሱ ብቻ እንዲመራ ሐሳብ አቀረበ። በርን ጆንስ፣ ዌብና ፎክነር ድርሻቸውን ሳይጠይቁ ለቀቁ። ብራውን፣ ሮዜቲና ማርሻል ግን ካሳ አሉ። በወረቀት ላይ ትክክል ነበሩ፤ ሁሉም እኩል ባለድርሻ ነበሩና። እያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተከፈላቸው። አንድ ፓውንድ ያዋጣ ሰው በ14 ዓመት 1,000 አገኘ ብሎ ማንበብ ይቻላል፤ የቀዩን ቤት ቅዳሜና እሑድ የሚያስታውስ ሰው ግን ሌላ ነገር ያነባል። ከብራውን ጋር የነበረው ወዳጅነት ለዓመታት ተቋረጠ። ጓደኛሞች ሲጀምሩ ስለ መለያየት አለመነጋገራቸው እኛም ሰፈር የተለመደ ነው፤ ሲጀመር መለያየትን ማንሣት ሟርት ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሰፋ። በ1877 ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ ሱቅ ተከፈተ፤ በ1881 ዋንድል በሚባል ወንዝ ዳር መርተን አቢ ላይ ሰፊ መሥሪያ ቦታ ተገኘ፤ ጨርቅ በወንዙ ውኃ ይታጠባል፣ ሣሩ ላይ ይሰጣል። ከ1885 ጀምሮ የጥልፍ ክፍሉን ያስተዳደረችው የ23 ዓመቷ ልጁ ሜይ ናት። ሱቁ ከሚሸጣቸው ነገሮች አንዱ በጣም ይገርመኛል። ንድፉ ጨርቁ ላይ ተስሎ፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ተጠልፎ ለናሙና ተጀምሮ፣ ክሩ አብሮ ተሰጥቶ፣ ገዢዋ ቤቷ ወስዳ እንድትጨርሰው ይሸጥ ነበር። የትርፍ ጊዜ ሥራው ቢዝነስ ሆነ፤ ቢዝነሱ ደግሞ ለሌላ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሸጠ።

ሞሪስ ግን ደስተኛ አልነበረም። ጥሩ ነገር የሀብታም ብቻ መሆን የለበትም ብሎ ያምናል፤ ደንበኞቹ ግን ሀብታሞች ናቸው። አንድ የብረት ፋብሪካ ባለቤት ቤት ሲያስጌጥ እየተቆጣ ወዲያ ወዲህ ሲል ምን ሆነህ ተብሎ ተጠየቀና ዕድሜውን በሀብታሞች ቅንጦት ማገልገል እንዳንገፈገፈው ተናገረ ይባላል። በ1883 የሶሻሊስት ድርጅት አባል ሆነ፤ አደባባይ እየወጣ ይሰብክ ጀመር። «ታዲያ ለምን ዋጋ አትቀንስም?» የሚሉት በዙ። መልሱ ሒሳብ ነው። እጅ የሠራውን ርካሽ ማድረግ የሚቻለው የእጁን ባለቤት በመበደል ነው፤ እሱ ደግሞ ለሠራተኞቹ ከሌሎች የተሻለ መክፈል ይፈልጋል። ሠራተኛውን ላለመጉዳት ሲል ሠራተኛው ሊገዛው የማይችለውን ዕቃ ይሠራል።

ይህ ሒሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ላይ ደንበኛ ስልኳን አውጥታ «ይሄን የመሰለ ጥለት» ስትል፣ ሸማኔው ነጩን ሸማ ቶሎ ይሸምነዋል፤ ጥለቱ ላይ ግን ቀናት ይቆያል። እዚያው አጠገብ በማሽን የታተመ፣ ከሩቅ ጥለት የሚመስል ጨርቅ በትንሽ ዋጋ ተሰቅሏል። የእጁን ሰዓት ያስከፈለ ገዢ ያጣል፤ ያላስከፈለ ራሱን ያጣል።

የሞሪስን ሒሳብ ደግሞ ሌላ ነገር ያወሳስበዋል። የአባቱ ማዕድን መዳቡ ሲመናመን አርሰኒክ የሚባለውን መርዝ በብዛት ማምረት ጀምሮ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ የግድግዳ ወረቀቶቹ አረንጓዴ ቀለምም አርሰኒክ ነበረበት። እንደ ዘመኑ አምራቾች ሁሉ እሱም አደጋውን አቃልሎ ያየው ነበር። ለሠራተኛ ክብር የተከራከረው ሰው የተነሣበት ገንዘብ ከሌሎች ሠራተኞች ሳንባ የወጣ ነው። ይህ ሥራውን ውድቅ አያደርገውም፤ «በራሱ ተነሣ» የሚለውን ተረት ግን ያስቆመዋል።

ያም ሆኖ የትርፍ ጊዜው ፍቅር አልሞተበትም። አንዱ ሥራ ትርፍ ማምጣት ሲጀምር እሱ ሌላ ይፈልጋል። በ1879 መኝታ ክፍሉ ውስጥ የሥዕል መሸመኛ አቁሞ፣ ከድሮ የፈረንሳይ መመሪያ እየተማረ፣ ማለዳ ማለዳ ብቻውን ሸመነ። ሰዓቱን መዝግቦ ይዟል፤ የመጀመሪያዋ ሥራ 516 ሰዓት ፈጅታለች። ያችን አልሸጣትም፤ ሙያው ግን ቆይቶ መርተን አቢ ላይ ለወጣቶች ተሰጠና የድርጅቱ ዝነኛ ሥራ ሆነ። በ1891 ደግሞ ፊደል ራሱ ነድፎ ኬልምስኮት የሚባል ማተሚያ ቤት አቋቋመ። የቻውሰርን ሥራዎች በ1896 ሲያትም 425 ቅጂ በወረቀት፣ 13 ደግሞ በብራና ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ሞተ።

ድርጅቱ እስከ 1940 ቆይቶ ተዘጋ። ንድፎቹ ግን አልተዘጉም። ዛሬ «እንጆሪ ሌባው» በማሽን ታትሞ በትራስ፣ በስኒ፣ በስልክ ሽፋን ላይ ይሸጣል፤ ተራ ደሞዝተኛም ይገዛዋል። ሞሪስ በሕይወቱ ያልቻለውን፣ ማለትም ንድፉን ወደ ሁሉም ቤት ማስገባትን፣ ማሽኑ ቻለ። እሱ ከንድፉ በላይ የሚጨነቅለት ነገር፣ የሠሪው ደስታ፣ ግን በስልክ ሽፋኑ ላይ የለም።

ለመጥሪያዎቼ ዋጋ አውጣ ለሚሉኝ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ የምመልሰው አለኝ። ከምሠራው ውስጥ የሚደገመው የትኛው ነው? መዝገቡን ማን ይይዛል? ከጓደኛ ጋር ከሆነ እንዴት እንለያያለን? የእጄን ሰዓት ብቆጥር ማን ሊገዛኝ ይችላል፤ ማንስ ይቀርብኛል? እነዚህ ሲመለሱ ቢዝነሱ ይጀመር። እስከዚያው ግን ሰዓቱን መመዝገብ አይከፋም፤ 516 ሰዓቱን ሞሪስ ሲመዘግብ ገዢ አልነበረውም።